ፊርማው ኮት የሆነባት ግንበኛ

አኦኮ ማለት ደጅ የተወለደች ማለት ነው። እናቷ ከሴሜ ገበያ ስትመለስ ምጥ መንገድ ላይ ያዛትና ልጅቱ ጣራ ሳታይ ሰማይ አየች፤ ስሟም በዚያው ጸደቀ። ኋላ አድጋ ለግማሽ ኪሱሙ ከተማ ቤት የሠራችው ይህችው ደጅ የተወለደችው ልጅ ናት። እሷን ግን "ግቢ" ያላት ሰው አልነበረም።

ግድግዳ ስታቆም ቱንቢው ራሱ ያፍር ነበር ይላሉ። ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከግድግዳዋ ጋር ይተያይና "ይቅርታ፣ የተጣመምኩት እኔ ነኝ" ብሎ ይስተካከላል። ሙያውን የተማረችው ከባሏ ከኦዴራ ነው። ሲያገባት ሚስት ነበረች፤ ቀጥሎ ረዳቱ ሆነች፤ ከዚያ እሱ ረዳቷ ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ግን ሁለቱም ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ኦዴራን ከአምስት ዓመት በፊት ወባ ወሰደው። ሐዘኑ ሳይበርድ የባሏ ዘመዶች ኒያሌንዳ ሠፈር ካለው ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለችውን አንዲት ምስማር እያዩ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ጀመር። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ቤት የሟች ወንድም ወይም ዘመድ ይመጣና ኮቱን ይሰቅላል። ኮቱ ከተሰቀለ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ሴትዮዋም ቤቱም የባለ ኮቱ ናቸው። አኦኮ ምስማሯን አልነቀለችም። ቱንቢዋን ሰቀለችባት። የባሏ ዘመዶች ሦስቴ መጡ፣ ሦስቴም ቱንቢውን አይተው ተመለሱ። በአራተኛው ቀሩ።

በከተማው ሐይቅ ዳር ባለ አራት ፎቅ የገበያ አዳራሽ መሠራት ሲጀምር፣ የኦዴራ ጓደኞች እንደ ድሮው ጥግ ሰጧትና ምድር ቤቱን ከወንዶቹ እኩል ገነባች። አንድ ቀን የግንባታ ሠራተኞች ማኅበርና ተቋራጩ ሜዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ተፈራረሙ፤ ከእንግዲህ የማኅበሩ ካርድ የሌለው ሰው የግንበኛ ማንኪያና ውሃ ልክ አይነካም፣ ባለሙያ እንደ ወደቀ እንጨት ከመንገድ አይለቀምም! ወንዶቹ አጨበጨቡ። አኦኮም አጨበጨበች፤ ጥሩ ነገር ነዋ። የጭብጨባው ትኩሳት ከመዳፏ ሳይወጣ፣ በማግስቱ ማንኪያው ወጣ። ፎርማኑ ሳፋ አሸከማት።

እንዲህ ሆኖ በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ያንን ሁሉ ፎቅ ያቆመች ሴት የተቦካ ሲሚንቶ በራሷ ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣ ጀመር። አንገቷ ማታ ማታ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ከአንገቷ የባሰው ግን አንድ ቃል ነበር፤ ፉንዲ፣ ባለሙያ ማለት። ኪሱሙ ውስጥ ሬዲዮ የሚፈታታው ፉንዲ ነው፤ ሬዲዮውን ፈታትቶ መግጠም ያቃተውም ፉንዲ ነው፤ የጫማ ተረከዝ የሚመታው፣ የቢስክሌት ጎማ የሚለጥፈው ሁሉ ፉንዲ። አኦኮን "ማማ" ይሏታል። ማማ፣ ሲሚንቶ! ማማ፣ ውሃ!

አንድ ረፋድ ላይ ኦቶያ የሚባለው ግንበኛ በጥቅሻ ጠራት። ኦቶያ ካርድ አለው። ካርዱን ካዩት በኋላ ግድግዳውን ባያዩት ይመረጣል።

"የሴሜ ልጅ፣ እስቲ ነይ ይህን እይልኝ። የሆነ ነገር ሆኗል" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አኦኮ ሳፋዋን አወረደችና ግድግዳውን ቃኘችው። መሃሉ ወደ ውጭ ተነፍቷል።

"ስንት ወሩ ነው?"

"ምኑ?"

"እርግዝናው።"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ፎርማኑ ይሰማል!"

"ይስማ። አባቱ ማነው ብሎ ከጠየቀ አንተን አሳየዋለሁ።"

"አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ነው ወይስ እጅሽን ነው የለመንኩሽ?"

"ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሸጡት" አለችና ማንኪያውን ከእጁ ነጠቀችው። አራት ረድፍ አፍርሳ፣ ክር ወጥራ፣ መልሳ ደረደረችው። ኦቶያ ደረጃው ላይ ዘብ ቆመ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በትጋት የሠራው ሥራ የለም። ሲያፏጭ አኦኮ ማንኪያውን ጥላ ሳፋዋን አናቷ ላይ አደረገች። ፎርማኑ ደርሶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው።

"ጎበዝ ኦቶያ! ፉንዲ ማለት እንዲህ ነው!"

"እንግዲህ የተቻለንን ያህል ነው" አለ ኦቶያ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

አኦኮ ባዶ ሳፋዋን ይዛ ወረደች። ታች እንደደረሰች ቀለም ቀቢዋን ራሶዋን ፈልጋ አገኘቻትና "ያ ካርድ ያንቺ ማኅበር ነው የሚሰጠው አይደል? ነገውኑ ውሰጂኝ" አለቻት።

ራሶዋ የካካሜጋ ልጅ ናት። ሞምባሳ ስትሠራ እዚያው የማኅበሩን ካርድ አውጥታ ከነካርዷ ነው ኪሱሙ የገባችው። በማኅበሩ የኪሱሙ ቅርንጫፍ ከሦስት መቶ ወንድ መሃል ካርድ ያላት ሴት እሷ ብቻ ነበረች። እሑድ እሑድ ተሸካሚዎቹን ሴቶች ከውሃ ታንከሩ ሥር ሰብስባ የማኅበሩን ደንብ ታነብላቸዋለች። አሥራ አራት ነበሩ፤ አሥራ አምስተኛዋ አኦኮ።

የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ቆብ ያደረገች ሴት የምትስቅበት ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ "ሴት ግንበኞችን እንደግፋለን" ይላል። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ጸሐፊው ኦግዌኖ ማኅተሙን ታቅፎ ተቀምጧል።

"ማኅበራችን ሴቶችን በጣም ይወዳል" ብሎ ጀመረ።

"ፍቅሩን ይተዉትና ይመዝግቡን" አለች ራሶዋ።

"ማን ከለከላችሁ? ፎርሙ ያውና። ካርድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች 'ሙያዋን አውቃለሁ' ብለው ይፈርሙ፤ እኔ ማኅተም ነኝ፣ ዱብ አደርጋለሁ።"

ራሶዋ እዚያው ፈረመች። "አንድ" አለች። "ሁለተኛ ሴት ብትኖራችሁ ኖሮ አሁን አልቆ ነበር።"

"ታዲያ ሁለተኛዋን አምጫት።"

"ሁለተኛ እንድትኖር ሁለት ፈራሚ ያስፈልጋላ!"

ኦግዌኖ ነገሩን በዝግታ አብላላው፤ አልዋጥ አለው። "ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም" አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

አኦኮ ሦስት መቶ ወንድ እያለ አንድ ፊርማ አይጠፋም ብላ ነበር። ኦቶያን መጀመሪያ ያዘችው፤ ውለታዋ አለበት።

"እኔ? ባልሽ ባይሞት ኖሮ አሁኑኑ እፈርም ነበር! ስሜን ከስምሽ ሥር ካኖርኩ ኮቴን ከቤትሽ ሰቀልኩ ማለት አይደል?" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሻይ ቤት ሄዶ ለሌሎቹ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። ጠዋት ቀልድ ነበር፤ ምሳ ላይ ወሬ ሆነ፤ የመውጫ ደወል ሲመታ ሕግ ሆኖ አረፈ። በማግስቱ አኦኮ ወረቀቷን ይዛ ብቅ ስትል፣ ወንዱ ሁሉ ብዕር ሳይሆን ጦር የያዘች ይመስል በየመወጣጫው ላይ ይንጠላጠል ጀመር። አንዱማ ማንበብ መጻፍ እንደማይችል ማለላት፤ ሲያነበው የነበረውን ጋዜጣ ቶሎ ዘቅዝቆ ይዞ።

የቀረው ሽማግሌው ኦዊቲ ነበር። ኦዴራን ያስተማረው እሱ ነው፤ አዋቂና ጻድቅ፣ ሚስቱን ብቻ የሚፈራ።

"ጃዱዎንግ፣ እጄን ያውቁታል" አለችው በሽማግሌ ማዕረጉ ጠርታ፣ ጎንበስ ብላ።

"አውቀዋለሁ ልጄ። ከባልሽ እጅ ይበልጣል፤ ነፍሱን ይማርና እሱም ያውቅ ነበር። ሚስቴን ደግሞ ከእጅሽ በላይ አውቃታለሁ።"

"ኮትዎን መች ጠየቅኩ? ስምዎን ነው።"

"ስሜንም ኮቴንም የምታስቀምጠው እሷው ናት" አለና በሐፍረት ጢሙን አሸ። "ትናንት ማታ ኮቴን ሣጥን ውስጥ ቆልፋዋለች። ወሬው ቤት ገብቷል።"

ቅዳሜ ከሰዓት የኦዊቲ ሚስት፣ የአፒዮ እናት፣ ኒያሌንዳ ከተፍ አለች። እንደ ሐይቅ ማዕበል ሰፊ ሴት ናት፤ ሰላምታ ሳትሰጥ ገፍታ ገባችና ዓይኗ ቀጥ ብሎ ምስማሯ ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቱንቢ ነው፣ የአፒዮ እናት። ይቀመጡ እንጂ።"

"ኮት የሚሰቀልበት ላይ?"

"ኮት ይጣመማል። ይሄ ቀጥ ይላል።"

የአፒዮ እናት ቱንቢውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ወዝወዝ አለና ጸጥ ብሎ ቆመ። በርጩማው ላይ ዘፍ አለችና ከት ብላ ሳቀች፣ እሱም ከሥሯ አብሯት ጮኸ። "አርባ ዓመት በትዳር ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም! እስቲ ያንን ባሌን ያሳበደውን ወረቀት አምጪው።"

ወረቀቱን አገላበጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ባዶውን መስመር ግን አወቀችው።

"ይህ ብቻ ነው? አልጋ የለበትም?"

"የለበትም።"

"ልጅም?"

"ኧረ ምን ልጅ! ሲሚንቶ ብቻ ነው።"

"እንግዲያ ነገ ይመጣልሻል" ብላ ወረቀቱን ብብቷ ከተተችው። እሑድ በእርግጥም መጣ። ኦዊቲ እራት ላይ እንደፈረመ ያስታውቃል፤ ፊርማው ጎን የኦሜና ዓሣ ወጥ ጠብ ብሎበታል። አኦኮ ቅባቱን በአመድ ልታደርቀው ሞከረችና ተወችው። ለስንት ቀን የለመነችው ስም ከነወጡ ደረሳት፤ ምን ቀራት?

ካርዱን የሰጧት በሥነ ሥርዓት ነው፤ ከምትስቀው ሴትዮ ሥዕል ሥር፣ ከነፎቶግራፉ። ከፎቶዋ ቀጥሎ "ፉንዲ" ይላል። ሴቶቹ ከበሩ ላይ እልልታውን አቀለጡት። አሥራ አራቱም ፎርማቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከእንግዲህ ራሶዋና አኦኮ ሁለት ናቸዋ! ስሌቱን ራሶዋ አስቀድማ ሠርታዋለች፦ ዛሬ አሥራ አራት፣ በዓመቱ መቶ።

ስሌቱን ኦግዌኖም ሠርቶት ነበር።

"በዚህ የደስታ ቀን" አለ ሌላ ወረቀት ዘርግቶ፣ "ቅርንጫፋችን የራሱን ሴት ስላገኘ፣ ከሞምባሳ በውሰት የነበረችው እህታችን ራሶዋ ወደ እናት ቅርንጫፏ በክብር ትመለሳለች። ካርዷ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይሠራም።"

እልልታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

"በውሰት? እኔ ድስት ነኝ?" አለች ራሶዋ።

"በክብር ነው ብያለሁ።"

"ገባኝ። በክብር ሲያባርሩ በሩን ይይዙልሃል።"

አኦኮ አዲሱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። "እሷን አስወጥታችሁ ከሆነ የምትሰጡኝ፣ አልፈልገውም።"

"አትመልሺው!" ራሶዋ ካርዱን አንስታ መዳፏ ውስጥ ጠቀጠቀችላት። "ትተሽው ብትሄጂ ዜሮ ነን። ያዢው። ሁለተኛ ፈልጊ።" ማክሰኞ ዕለት ከነብሩሽዋ የሞምባሳ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

አኦኮ ያንኑ ሳምንት ኦዊቲ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ሳይናገር የአፒዮ እናት ቀደመችው፦ "የሴሜ ልጅ፣ እወድሻለሁ። ለአንቺ ፈቀድኩ፤ ቤትሽን በዓይኔ አይቼ ነው። የአሥራ አራት ሴት ቤት ዞሬ ምስማር ልቆጥር? ባሌ ያለው ኮት አንድ ነው!" አኦኮ ሌሎቹንም ጠየቀች። ኦቶያ አሁን "ፉንዲ" ብሎ ይጠራታል፤ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ስለያዘች የእሱንም በነፃ ታቃናለታለች። ብዕር ስታነሳ ግን ያው መወጣጫው ላይ ነው።

አራተኛውን ፎቅ ጀመረች፤ ሠላሳ አንድ ብሎኬት ስትደረድር ውሃ ልኩን አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከተችም። አንገቷ ተሻላት። ምሳ ሰዓት ላይ አሥራ አራቱን ፎርሞች አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረመች፤ ሁለተኛው መስመር አሥራ አራት ቦታ ባዶውን ቀረ። አጣጥፋ ከካርዷ ጋር ደረት ኪሷ ከተተቻቸው፤ ኪሷ አበጠ፣ እንደ ኦቶያ ግድግዳ።

ከሰዓት በኋላ አዶንጎ ሳፋ ተሸክማ ወጣች። አዶንጎ ከውሃ ታንከሩ ሥር አጠገቧ ስትቀመጥ የነበረችው፣ ከአንድ ሳህን የበቆሎ ገንፎ፣ ከኡጋሊው፣ አብራት የቆረሰችው፣ "አንቺ አኦኮ፣ ፈቀቅ በይ" ስትላት የኖረችው ናት። ሳፋውን በሁለት እጇ እንደደገፈች ቆመች፤ ላቡና ሲሚንቶው በአንገቷ ይወርዳል። ወደ አኦኮ ፊት አላየችም።

"ፉንዲ፣ የት ላስቀምጥልዎት?" አለቻት።

ሃያ ዓመት ስትጠብቀው የነበረው ቃል ነው። አኦኮ በማንኪያዋ ጫፍ ከራሷ እግር ሥር አሳየቻት።