በመነጽሩ ውስጥ የተጫረች «ፈ»

ዓርብ፣ ንጋት 11፡40 — ሐዴራ ባቡር ጣቢያ

ገና በቅጡ አልነጋም። የጣቢያው ጥበቃ ቦርሳዬን ከፍቶ በፎጣ የተጠቀለለውን ጥቁር ነገር ሲያይ ቅንድቡን አነሣ። የጦር ሜዳ መነጽር ነው፤ የድሮ የጀርመን ጦር መነጽር፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ናሱ ብቅ ያለ። «አንቲካ?» አለኝ። «አንቲካ» አልኩት። አሳለፈኝ።

እንጀራዬ የትምህርት ቤት ጥገና ነው፤ ቧንቧ፣ የበር እጀታ፣ ልጆች የሰበሩት ወንበር። አመሌ ግን ሌላ ነው። አሮጌ የጀርመን መነጽሮችን ከየገበያው እየለቀምኩ እፈታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ሚስቴ «ጣውንቶቼ» ትላቸዋለች። አሥራ አራቱም ሳሎን ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚተኙ ለእንግዳ ብርጭቆ ቦታ የለንም።

ይህችን ያፎ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው ያገኘኋት። ስፈታት ከሽፋኑ በስተውስጥ በመርፌ የተጫረ ምልክት አየሁ። ጠጋኝ የሠራበትን ዕቃ ውስጡ ላይ ምልክት ማድረጉ የሙያው ልማድ ነው፤ የጀርመን ስምና ቁጥር ስንቱን አይቻለሁ። ይህ ግን «ፈ» ነበር። የእኛው ፈ! ከኔ በፊት የኛ ሰው እዚህ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ምልክቱን ፎቶ አንሥቼ በዋትስአፕ በተንኩት። ከሳምንት በኋላ ኦሪት የምትባል ሴት ከቤር ሼቫ ደወለችልኝ። የምታወራው በዕብራይስጥ ነው። አባቷ አባባ ፈረደ ኢትዮጵያ ሳሉ ወታደር ቤት መነጽር ጠጋኝ እንደነበሩ ያወሩ ነበር አለችኝ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ጡረታ እስኪወጡ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የአንድ ፋብሪካ ወለል ነው ያጸዱት።

«ልጆች ሆነን እንስቅበት ነበር» አለችኝ። «እሱም ማውራቱን ተወ። አሁን ዓይኑ ጠፍቷል። ና፣ ግን መነጽሩን የጠገነው እሱ መሆኑ ካልታወቀ ስለ ሙያው አትጠይቀው። እንደገና እንዲያፍር አልፈልግም።»

ስለ አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። መነጽሯ ካጸዳኋት ወዲህ አንዱን ሁለት አድርጋ ታሳያለች። ፕሪዝም የምንላቸውን የውስጥ መስታወቶቿን ስምንት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኳቸው፣ እምቢ አለች። እኔ እንደሁ አልችልም ማለት አልወድም።

1፡30 — ከኪርያት ጋት ወዲያ

ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ቀየርኩ፤ በዘጠኝ ሸቀል የገዛሁት ቡሬካ የሚሉት ባለ አይብ ሳምቡሳ እንደ ድንጋይ ከብዶ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ከጎኔ አንድ ወታደር ጠመንጃውን አቅፎ ያንኮራፋል። ከመስኮቱ ውጪ አረንጓዴው እየሳሳ፣ መሬቱ እየገረጣ ይሄዳል። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አቅፌዋለሁ። ያንዲት ፊደል ባለቤት እንዴት ይረጋገጣል? «ፈ» ፈንታም ይሆናል፣ ፈቃዱም ይሆናል።

2፡15 — ቤር ሼቫ

የታክሲው ሹፌር መላጣ ነው፣ ሱፍ ይቆረጥማል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«የጀርመን? የወታደር?» መቆርጠሙን አቆመ። «የሚስቴ አባት ከእልቂቱ የተረፈ ነው፤ የጀርመን ፍሪጅ እንኳ ቤቱ አላስገባም። አንተ ምን ትሠራበታለህ?»

ይህን ስንቴ ተጠይቄአለሁ። «ላዩ ላይ ያለውን የጀርመን ጦር ማኅተም አልፍቀውም፣ አላወልውለውም» አልኩት። «የማን እንደነበረ እንዲታወቅ እተወዋለሁ። ግን መስታወቱ ደኅና ሆኖ ማየት ሲያቅተው ያንገበግበኛል።»

«እሺ» አለ፣ ብዙም ሳይዋጥለት። ሽኩና ጊሜል በሚሉት ሰፈር በኩል አዙሮ ሽኩና ዳሌት አወረደኝ፤ ሂሳቡ ሠላሳ ሁለት ሸቀል።

2፡45 — ሽኩና ዳሌት

ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። በሩን የከፈተችልኝ ኦሪት ናት፤ ሽርጥ ታጥቃለች፣ የሰንበት ምግብ ምድጃ ላይ ነው። አባባ ፈረደ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ግላኮማ ነው፤ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለዩም።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከሐዴራ ድረስ ደከምክ፣ ልጄ።»

መነጽሩን እጃቸው ላይ አኖርኩት። መዘኑት። አውራ ጣታቸው መሐል ወዳለው ማጠፊያ ቀጥ ብሎ ሄደ። «ስድስት በሠላሳ» አሉ፣ የመነጽሩን መጠን። ልክ ነው፣ ግን ወታደር የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ኦሪት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ሽማግሌው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። አዳመጡ። ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ቆርቆሮዋስ?»

«የምን ቆርቆሮ?»

«የቀኙ ፕሪዝም ሥር። መቀመጫው ተበልቶ ነበር፤ ከወተት ጣሳ ቆርጬ ሥሩ አስገባሁለት። ጥፍር ብታክል ነው። እሷ ከሌለች ሁለት ታሳያለች።»

አስታወስኳት። ዝገት የበላት ብጣሽ፣ ቆሻሻ መስላኝ በወረንጦ ለቅሜ የጣልኳት። ለሚስቴም አልነገርኩም፣ ለማንም።

«ምን አለ?» አለች ኦሪት በዕብራይስጥ፣ እኔን እያየች።

ከሰው ፊት ባዋቂነቴ ስኮራ ኖሬ እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። «ነበረች» አልኩ። «እኔ ነኝ የጣልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ታሳያለች፣ ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። ይህን እሳቸው ከየት ሰሙ? የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

ኦሪት አፏን በእጇ ያዘች።

አባባ ፈረደ አልተቆጡኝም። «ጣሳ አለ?» ብቻ አሉ።

ኦሪት የቲማቲም ጣሳ ድስቱ ላይ ገልብጣ፣ አጥባ አመጣች። እኔ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ። እሳቸው በመቀስ፣ በጥፍራቸው እየለኩ ቆረጡ። «ጠርዙን አለስልሰው። ግፋው። በቃ።» እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሳቸው እጅ።

ኦሪት በረንዳ ላይ ወጥታ ማዶ ጣሪያ ላይ ያለውን አንቴና አየች።

«ስንት ነው?» አሏት።

«ሽናይም» አለች፤ ሁለት።

ቆርቆሮዋን ፀጉር ታህል ቀነሱላት። «አሁንስ?»

«ሽናይም፣ አባ። ግን ተቀራረቡ።»

እንደገና ፈታን፣ እንደገና ገጠምን። ኦሪት መነጽሩን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች። በጣም ቆየች።

«አንድ» አለች፣ በአማርኛ። «አንድ ነው፣ አባዬ። አንድ ብቻ።»

አለቀስኩ፤ ምን አስዋሸኝ።

«አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ፣ ቀድሞን ወዲህ ለሚበር ሰው በእህል ለወጥኩት» አሉ አባባ ፈረደ። «አንቺ ሕፃን ነበርሽ።»

ኦሪት ገብታ ከእግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ሌላስ ምን ጠግነሃል?»

«ረጅም ነው።»

«ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ምድጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

7፡10 — ባቡር፣ ወደ ሰሜን

ባቡር ለሰንበት ሳይቆም ለመድረስ ሮጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ፎጣው ብቻ ነው ያለው። ሚስቴ ደውላ «ጣውንቴስ?» አለችኝ። «ቤቷ ገባች» አልኳት። ለአንድ ብርጭቆ ቦታ ተገኘ ብላ ሳቀች።

ኪርያት ጋት ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የኦሪት መልእክት ነው፤ አማርኛው በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፏል፣ እየቆጠርኩ ነው ያነበብኩት፦

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራ፤ ከሄድክም ወዲህ አላቆመም። በታሪኩ ገና ወታደር ቤት ነው ያለው። እናቴን እንኳ ገና አላገኛትም።»