አምስት ቃላት ለጋሽ ግርማ

ከአዳማ የወጣሁ ማታ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነበር። "ናጋቲ!" ብለው በኦሮምኛ ተሰናብተው ሸኙኝ፤ እኔም ዱከም እስክንደርስ ለቅሶዬን አላቆምኩም። አሁን ያለሁት ኖርዌይ፣ በርገን ነው። እዚህ ዝናብ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። የዓሣ አገር ነው ብለውኝ ነበር፤ የዝዋይን ዓሣ ለለመደ ግን ጨውና ውሃ ነው። ጎረቤቴን የማውቀው በሳሉ ብቻ ነው።

ሥራዬ የሰውን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመርመር ነው፤ ያገሬን ሰዎች በቪዲዮ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን አከራዬ ድምፅ ሰምተው አንኳኩ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከታካሚዬ ጋር።"

"ውሉ እኮ ለአንድ ሰው ነው።"

"ሰውየው ያሉት ኢትዮጵያ ነው!"

ትንሽ አሰቡና፣ "ሻወር አይጠቀሙም?" አሉኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄን የማካፍለው ሰው ግን አልነበረም።

ታካሚዬ ጋሽ ግርማ ከቡልቡላ ወደ አዳማ ሽንኩርት የሚጭኑ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው። ወደ አዳማ ሲሉ መንገድ ስተው በተቃራኒው ላንጋኖ ስለተገኙ፣ ልጃቸው መንዳት ይችሉ እንደሆነ እንድነግረው ለመነኝ።

አምስት ቃላት ነገርኳቸውና ቆይቼ ጠየቅኋቸው። አምስቱንም መለሱ! ደስ አለኝ። ግን ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ዓይናቸው ወደ ጎን ይሄድ ነበር። "ማን አለ እዚያ?" ስል ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ብቅ አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

"እትዬ፣ ብቻቸውን ነው መመለስ ያለባቸው።"

"ትልቅ ሰው ቃል ሲጠፋው ቆሜ ልየው? ነውር አይደለም እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ቃል ለጠፋው ሽማግሌ ያቀብሉታል እንጂ አፍ አፉን አያዩትም። አዳማ ብሆን እኔም አቀብላቸው ነበር። ግን መንገድ ላይ የሰው ልጅ አለ፤ እትዬ እንዲወጡ ለመንኳቸው። ከዚያ ሌላ አምስት ቃላት ሰጠኋቸው። ጋሽ ግርማ "ሎሚ" አሉና በሩን ማየት ጀመሩ። የቀረውም ምርመራ አልተሻለም። ሐኪም እስኪያያቸው መሪ እንዳይዙ ስነግራቸው ልቤ ተሰበረ።

በማግስቱ እትዬ አልማዝ ደወሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ቁልፉን ለልጁ ሰጠ" አሉኝ። "ሲያለቅስ አደረ። አይዞሽ፣ አልተቀየምንሽም። ቃል ሲጠፋበት እኔ አለሁለት።" ቀጥለውም ጠየቁኝ፣ "አንቺስ ልጄ፣ እዚያ ቃል ሲጠፋሽ ማን ያቀብልሻል?"

እኔም እንደ ጋሽ ግርማ በሩን ማየት ጀመርኩ።

"ሄሎ? ሄሎ?" ይላሉ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው።