ለጋና ካካዎ፣ ለአርጀንቲና ጦስኝ

ታላቅ ወንድሜን የምጠራው ጋሼ ብዬ ነበር። መጀመሪያ አማኑኤል ከተማ፣ ኋላ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ፣ እሱ ራሱ ግን ከአዲስ አበባ አልፎ የትም ያልሄደ ሰው ነው። የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በተካሄደበት ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። አዲስ አበባ ወስደነው ለጥቂት ጊዜ ደሙ በማሽን ሲታጠብ ቆየ፤ ከዚያ በላይ አቅማችን ስላልፈቀደ ይዘነው ወደ ማርቆስ ተመለስን። ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ የሚጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም በቀን ከአንድ ብርጭቆ በላይ ፈሳሽ እንዳይቀምስ አስጠነቀቀን። አልኮል ደግሞ ጨርሶ ከለከለው።

ወሩ ሰኔ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል፤ ጋሼ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጠዋል። ጠዋት የሞላሁለትን ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ሲጎነጭ ማየት ስለሚከብደኝ እኔ ውሃ የምጠጣው ጓሮ ወጥቼ ነበር።

የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሲል ጠራኝና፣ “የምጠጣው አንድ ብርጭቆ ብቻ ከሆነ፣ ምን እንደሚሆን እኔ ልምረጥ” አለኝ። በየቀኑ ደስ ያለውን ጨዋታ ይመርጥና ከሚጫወቱት የአንዱን አገር መጠጥ ይጠጣል። የትኛው አገር ምን እንደሚያበቅልና ምን እንደሚጠምቅ ሲያስተምር ስለኖረ ያውቀዋል። ፈልጎ ማምጣቱ የኔ ሥራ ሆነ።

የንስሐ አባታችን ከሰኔ ጾም ነጻ ቢያደርጉትም እሱ አሻፈረኝ ስላለ፣ ለእንግሊዝ ያለ ወተት ሻይ አፈላሁለት። ለብራዚል ከገበያ ሸንኮራ ገዝቼ ወቀጥኩና በነጠላ ጨመቅሁት። ጀርመን ሲጫወት ቢራውን እኔ ጠጣሁ፤ እሱ አሸተተውና ጣዕሙን እንድነግረው ጠየቀኝ። ቢራ ጠጥቼ ስለማላውቅ መራራ ነው ብቻ አልኩት። ለአርጀንቲና የፈለገውን፣ እንደ ሻይ የሚፈላ ቅጠል ማርቆስ ውስጥ ስሙን እንኳ የሰማ ሰው የለም። ሮብ ገበያ ከሚባለው ከተማ የመጣች ሴት ከጮቄ ተራራ የተለቀመ ጦስኝ ስትሸጥ አግኝቼ አፈላሁለት። ቀመሰውና፣ አይደለም፣ ግን ይሁን አለ።

ጋና የምትጫወትበት እሑድ ካካዎ በጥብጬ ልሰጠው ስል የንስሐ አባታችን በጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያስመልሰው እንደሚድን፣ ብዙ ሰውም እንዲህ ድኖ እንዳዩ ነገሩን። የሐኪሙን ትእዛዝ ባስረዳቸው ፊታቸው ጠቆረ። እምነቴን የተጠራጠሩ መሰለኝ። እኔም ሐኪሙን ልመን እሳቸውን፣ ግራ ገባኝ።

ጋሼ ግን ቀስ ብሎ፣ “አባ፣ ዛሬ የጋና ቀን ነበር” አላቸው። “ይሁን፣ ጠበሉን እጠጣለሁ። ነገር ግን ያለኝ አንድ ብርጭቆ ነው፤ ከዚያ በላይ አያስገድዱኝ።”

ካካዎውን መልሼ ወሰድኩት። አባም በብርጭቆው ጠበል ቀድተው፣ ባርከው ሰጡት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ቀሪውን ቀን በደረቀ አፍ ዋለ። አባ ሳይሄዱ አብረውት ጨዋታውን አዩ። ጋና አሸነፈች።

ጠበሉም ብርጭቆውም የለወጡት ነገር የለም። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው፤ ቀጥሎ ፊቱ አበጠ፤ ኋላ መተንፈስ አቃተውና ሆስፒታል አስገባነው። እዚያ ቴሌቪዥን አልነበረም። የዋርዱ ሐኪም አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠራኝና፣ “እህቴ፣ ከእንግዲህ የፈለገውን ያህል ይጠጣ” አለኝ። ተሽሎት እንደሆነ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ ትከሻዬን ያዝ ሲያደርገኝ ገባኝ።

ወደ ጋሼ ገብቼ፣ እንደ ልማዳችን፣ “ዛሬ የየትኛውን አገር ላምጣልህ?” አልኩት።

“ውሃ” አለኝ። “በጆግ።”

ጆጉን ሞልቼ አመጣሁ። ደግፌ ባስቀምጠው አንድ ጊዜ ተጎነጨና ሁለተኛው በአፉ ዳርና ዳር ፈሰሰ። መዋጥ አልቻለም። እጁን ጆጉ ላይ እንዳደረገ ሰመመን ወሰደው፤ በማግስቱ አረፈ።

ፍጻሜው የተካሄደው እኛ ለቅሶ ላይ ሳለን ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ የሥራ ባልደረቦቹ ውጤቱን በሹክሹክታ ይጠያየቁ ነበር። ሳልፍ አንዱ አየኝና አፈረ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ማን አሸነፈ አልኩት። ስፔን አለኝ። ስፔን ወይን የሚጠመቅበት አገር መሆኑን ጋሼ ነግሮኛል። ለባልደረባው ግን ይህን አልነገርኩትም፤ ሌላ ለቀስተኛ ስለገባ ተነስቼ ማልቀስ ነበረብኝ።