ቦታዋን ያዛወርኳት ብሳና

ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ዳር ወንበሬን ዘርግቼ ለወራት የተቀመጥኩት ለሦስተኛ ዲግሪዬ ነበር። ዳንግላ የሥዕል መምህር ነኝ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሥነ ጥበብ ዶክትሬት ተማሪ። ጥናቴ ከሰል አክሳዮችን ራሳቸው ባከሰሉት ከሰል መሳል ነበር። አማካሪዬ ሐሳቡን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሥዕሉስ ይሁን፤ ጥናቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ባለማሳው ሽማግሌ ናቸው። ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክለው፣ ሲደርስ ቆርጠው፣ ክምሩን በሣርና በአፈር ሸፍነው ያከስላሉ። መጀመሪያ ቀን ፈቃድ ስጠይቃቸው «እሺ» አሉኝ። ወዲያው ወደ ባለቤታቸው ዞረው በአዊኛ ብዙ ነገር ተናገሩ። እኔ ከአማርኛ ሌላ አልሰማም። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ዶሮዎቹን ሳይቀር ቤት አስገቡ።

«ማን ነው የላከህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ማንም አልላከኝም አባቴ። ለትምህርት ነው።»

«ጸጉርህ ሸብቶ ገና ትማራለህ?»

የትብብር ደብዳቤዬን አወጣሁላቸው። ያ ነገሩን አባሰው። ማኅተሙን በጣታቸው ሲነኩ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ወዲያ ከአጠገቤ አልጠፉም። አንድ ቀን እጄን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የክምሩን ቁመት በከሰሌ ስመጥን ደረሱብኝ።

«ይኸው! መሬቴን እየለካህ አይደል?»

«ካርታ አይደለም አባቴ፤ ሥዕል እንዲህ ነው የሚሠራው። ያየሁትን ብቻ ነው የምስለው።»

«ያየኸውን ብቻ?»

«ያየሁትን ብቻ» አልኩ።

ውሸት ነበር። ከጎረቤታቸው ጋር በሚዋሰኑበት ላይ የቆመች ብሳና ክምሩን ጋርዳብኝ ነበርና፣ ወረቀቱ ላይ ወደ ሽማግሌው ቤት አስጠግቼ ስያታለሁ። ሠዓሊ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ሁለቴ እንኳን አላሰብኩበትም።

ሥዕሉ ባለቀ ሰሞን ጎረቤትየው መጣ። እስከዚያ ቀን ሰላምታ እንኳን ሰጥቶኝ አያውቅም። «አቤት ጥበብ!» አለ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ብሳናዋ ያለችበትን ደግሞ ለብቻዋ አቅርቦ አነሳት። ለምን ዛፏን ብቻ? ብዬ ጠረጠርኩ። ሆኖም መወደሱ ደስ ብሎኝ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ወር ሳይሞላ ዳንግላ እያለሁ ሽማግሌው ደወሉ።

«ና። በሥዕልህ መሬቴን ልነጠቅ ነው።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ። ብሳናዋ የለችም፤ ጉቶዋ ሳይቀር ተነቅሎ አፈሩ ተስተካክሏል። ሽማግሌው «ጎረቤቴ ነው የቆረጣት» ይላሉ፤ ጎረቤትየው «ንፋስ ጣላት» ይላል። ወሰኑ የብሳናዋ ቦታ ነበርና፣ የአገር ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጎረቤትየው ሥዕሉን ያነሳበትን ስልክ ይቀባበላሉ።

«መምህር፣ ዛፏ የነበረችው ሥዕሉ ላይ ባለችበት ነው?» አሉኝ አንዱ።

«አይደለም። እኔ ነኝ ያዛወርኳት።»

«ለምን?»

«ክምሩን ጋረደችብኝ።»

አንዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጎረቤትየው ብድግ አለ። «ተማክረዋል! ያኔ ‹ያየሁትን ብቻ ነው የምስለው› ሲል ከድንበሩ ማዶ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

አራት ዓመት ስለ ሥዕልና እውነት ስጽፍ የኖርኩት ሰው እዚያ ሣር ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌዎቹ ግን እኔንም ስልኩንም ትተው መቆፈሪያ አስመጡ። ሽማግሌው ባመለከቱት ቦታ ሲቆፈር ወፍራም ሥር ወጣ፤ እኔ በሳልኩበት ቦታ ሲቆፈር ባዶ አፈር። ወሰኑ በዚያው ጸና።

የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

«ካርታ አይደለም ብለኸኝ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው።

«አይደለም እኮ።»

«ሰው ካርታ ካደረገው ነው። ሁለተኛ እዚህ እንዳትቀመጥ።»

ታሪኩን እንዳለ የጥናቴ አንድ ምዕራፍ አደረግሁት። አማካሪዬ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ለጥናቱ እንዲመችህ የፈጠርከው እንዳይሆን?» አሉኝ። ተናደድኩ። ግን ዛፍ ለሥዕል ብሎ ያዛወረ ሰው ለጽሑፍ ብሎ ሌላ ነገር እንደማያዛውር በምን ይመኑኝ? የባለታሪኩን ፊርማ አምጣ አሉኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌው ወንበር አልሰጡኝም። እንጅባራ የምትማር ልጃቸውን ጠርተው ምዕራፉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር በአዊኛ አስነበቡ። ዶሮዎቹ ጋ ሲደርሱ ባለቤታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። የሚስማሙ ይሁን የሚቆጡ አላወቅሁም።

«ፊቱ ጠቆረ ያልከውን አውጣው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«እውነት ነበር እኮ አባቴ።»

«እኔ ፊቴን አላየሁትም። አንተም ያየኸውን እንደምታዛውር አይተናል።»

አወጣሁት። ፈረሙ። ከምዕራፉም አንድ ቅጂ አስቀሩ፤ አጣጥፈው ከመሬት ደብተራቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።