በማጄላን ወሽመጥ ያልበላነው በግ

ባለፈው እሑድ ሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ ቤት ቁጭ ብዬ ጥብሴን በሚጥሚጣ ሳጣጥም፣ ቴሌቪዥኑ በረዶ በለበሱ ተራሮች መካከል የምታልፍ መርከብ አሳየ። «የማጄላን የባሕር ወሽመጥ ነው፤ አትላንቲክንና ፓስፊክን የሚያገናኘው። በዚያ አልፌያለሁ» አልኩ። አስተናጋጇ ሳቀች። ትሳቅ! የሐይቅ ልጅ ከዚህ ከደጁ ሐይቅ ሌላ ውኃ አየ ቢባል ማን ያምናል?

በወጣትነቴ የውጭ አገር ጭነት መርከብ ላይ መርከበኛ ነበርኩ። አብሮኝ የተቀጠረው ይማም የአምባሰል ልጅ ነው። መርከቧ ላይ አማርኛ የምንናገረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ይማምን አትላንቲክ ሲንጠው ከርሞ አንጀቱን ሊያስተፋው ደርሶ ነበርና፣ ወሽመጡ መሐል ካለው ወደብ ስንደርስ ሻንጣውን ሸከፈ።

«ወላሂ ከዚህ ወዲያ አልሄድም፤ አገሬ እገባለሁ» አለኝ።

ፊታችን ፓስፊክ ነው፤ ያለ እሱ ያን ሁሉ ባሕር ከማን ጋር እያወራሁ ልሻገረው?

በዚያው ቀን ካፒቴኑ፣ ይማም ሙስሊም ያላረደውን እንደማይበላ ያውቃልና፣ ከወደቡ አንድ በግ ከነነፍሱ አስመጣለት። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የበጉ ስብ ግን ያስጎመጃል። ይማም ቢላውን ይዞ ክርስቲያኑን እኔን አየኝ። በእኛ በወሎ ክርስቲያንና እስላም ድግስ ሲጠራሩ ለየራሳቸው ይታረድላቸዋል። እዚህ ያለው አንድ በግ ነው።

«እኔ ባርደው አንተ ምን ልትበላ ነው?» አለኝ።

«ዳቦ። ሥጋ ካየህ ስንት ወርህ ነው፤ እረድ ይልቅ!»

«አንተን ዳቦ አስበልቼ እኔ ሥጋ? ሐራም ይሁንብኝ! አንተ እረደው።»

ቢላው በመካከላችን ሲመላለስ የፊሊፒንሱ ምግብ አብሳይ ትዕግሥቱ አለቀና ቀምቶን ራሱ አረደው። እራት ላይ ሁሉም ጥብሱን ሲያጣጥም እኛ ጥግ ይዘን ዳቦ በሻይ እናወርዳለን። አብሳዩ ክርስቲያን ነውና እኔ መብላት እችል ነበር፤ ግን ይማም እያየኝ እንዴት ይወርድልኛል? መርከበኞቹ «አብዳችኋል» አሉን።

ይማም ዳቦውን አላምጦ ጨረሰ። በኋላ፣ «አንተን እዚህ ጥዬህ ብገባ እናትህ ምን ትለኛለች?» ብሎ ተነሣና ልብሱን ከሻንጣው አውጥቶ መልሶ ሰቀለው። ጠባቡን ውኃ ጨርሰን ፓስፊክ ሲከፈት፣ ጎኔ ቆሞ እያስመለሰው ነበር።

ዛሬ ውጫሌ ላይ ሱቅ አለው፤ ባሕር በሥዕል እንኳ ማየት አይወድም። የወሽመጡን ስፋት ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ረስቼዋለሁ። የዚያን ዳቦ ጣዕም ግን አልረሳም። ሰው እንዳለኝ ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትም አገር ብሄድ ብቻዬን ነኝ ብዬ ፈርቼ አላውቅም።