የመጨረሻው ጥራዝ ጎንደር ቀረ

ከጎንደር የወጣሁ ዕለት የሰፈሬ የቀሃ ሰው ሁሉ «ጥሩወርቅ ስትሄድ ተንሰቀሰቀች» ብሎ አውርቶ ነበር አሉ። እውነት ነው፣ አልቅሻለሁ። ግን ግማሹ ልቅሶ የመጽሐፍ ነበር። ግማሹ ደግሞ የአባቴ። እናንተ እዚያ የቀራችሁትም፣ እኔን ተከትላችሁ ሊማሊሞን ልትወርዱ ጓዝ የምታስሩትም እስቲ ሁለቱንም ስሙኝ።

ስደት ስል የሚስቁብኝ አሉ። «አስመራ ደግሞ ስደት ነው ወይ? የጃንሆይ አገር አይደለም?» ይሉኛል። የጃንሆይ አገርስ ነው። ነገር ግን በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሊማሊሞን በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የወረደ፣ ጆሮው የተደፈነበት፣ ሲደርስም «ውሃ የት ይቀዳል?» ብሎ ጠይቆ መልሱ ያልገባው ሰው ስደተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በቀሃ የማያውቃቸው የለም። አስመራ ያለችው አክስቴ ሳርቶሪያ ውስጥ፣ ማለት ልብስ ስፌት ቤት፣ ሥራ አገኘሁልሽ ብላ ስትልክብኝ ሰሙና፣ «እኔ ከጣልያን ጥይት የተረፍሁት አንቺ ሱሪውን እንድትሰፊለት አይደለም» አሉ። እሳቸው ሲቆጡ አይጮኹም፤ እንዲያውም ቢጮኹ በተሻለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ «የተኛው እጅ» የሚባለው ልብ ወለድ ከአዲስ አበባ የመጣው። ጎንደር ሌላ ወሬ አልነበራትም። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ «ልበ ደካማ እንዳይገዛ» ብሎ በር ላይ ለጠፈበትና በሁለት ቀን ውስጥ ከነመደርደሪያው ሊሸጥለት ደረሰ። ታሪኩን የሚናገረው አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የሚስቱ ወንድም ጠፍቷል። ጸሐፊው ጧት ጧት ሲነሳ እጁ ላይ አፈር ያገኛል፤ ማታ ምን እንዳደረገ አያውቅም። ራሱን ይጠረጥራል። እናንተም አብራችሁት ትጠረጥሩታላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሚስቱን፣ ከዚያ ወዲያ የገዛ ራሳችሁን። አንዲት ጎረቤታችን ስትተኛ እጇን ከአልጋው እግር ጋር በመቀነት ታስር ጀመር።

እኔና ጓደኛዬ አለምነሽ አዋጥተን አንዱን ገዛን። ገና ሳንገልጠው የሰፈሩ ሰው ተሰለፈብን። «ምነው ጥሩዬ፣ እኔ ሳላነብ ልሙት?» የማይል አልነበረም። ያን ጊዜ የአባዬ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ። የቆሎ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሲሆንበት ስፌቱን ይፈታና ጥራዝ ጥራዙን ይከፋፈለዋል፤ አንዱ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ያቀብላል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ዕጣ ጣልን፤ የመጨረሻዋ አንባቢ እኔ ሆንሁ። የሚመጣውን የተናገረ ከወረፋው ይሰረዛል ተባለ። ቀሃ ያን ሰሞን ሸጋ ነበረች። ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሁሉ በነጠላዋ ሥር አንድ ጥራዝ ሸጉጣ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት በር ላይ ቆሞ «ደረስሽ? ቦርሳውን ከፈተው?» ይባባላል።

አባዬ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን አንዱን ጥራዝ ከእጄ ተቀብለው አገላበጡና፣ «የሞተ የለ፣ የገደለ የለ፤ ፍታት የሌለው ሞት ደግሞ ምን ሞት ነው?» ብለው መለሱልኝ።

አባዬ ባይወዱም የጉዞዬ ቀን ሲደርስ ጥራዞቹ አንድ በአንድ እኔ ዘንድ መጡ። የመጨረሻው አልመጣም። አለምነሽ ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች፤ ሁሉም «አንብቤ አቀብያለሁ» ይላል። እንግዲህ አስቡት። ጸሐፊው አካፋ ይዞ ጓሮ ቆሟል፣ ሚስቱ በመስኮት ታየዋለች፣ «ያን ጊዜ ዞር ስል» ይልና ገጹ ያልቃል።

ጎህ ሳይቀድ እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ተነሣን። አባዬ በክፍላቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። የተዘጋ በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ ጊዜ አዘዞ ድረስ እንኳ ስሄድ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይመርቁኝ ነበር። ያን ዕለት አንዱን መዝሙር ጨርሰው ሌላውን ጀመሩ። ሳልመረቅ ወጣሁ። መኪና መሳፈሪያው አውቶ ፓርኮ ስንደርስ ሾፌሩ አያ ካሳ «ምነው እንዲህ የምትነፋረቂው፣ ባል ጥለሽ ነው?» ሲለኝ «መጽሐፍ ነው» አልሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ አላናገረኝም።

መረብ ኬላ ላይ ጓዛችን ተፈተሸ። ፈታሹ ሽፋን የሌላቸውን ጥራዞች አወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው ጌታዬ።»

«ሽፋኑስ?»

«ጎንደር ነው።»

«መጨረሻውስ?»

«እሱም ጎንደር ነው።»

«እንግዲያ ይህ መጽሐፍ ሳይሆን የተበተነ ወረቀት ነው። የተበተነ ወረቀት ደግሞ ይመረመራል» አለና የኬላው መዝጊያ እንጨት ላይ ደገፍ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አያ ካሳ ጡሩንባውን ነፋ። ሰውየው ሳያይ እጁን አነሣበትና ገጽ ገለጠ። ፀሐይዋ ወጥታ አናታችንን አፈላችው፣ ተሳፋሪው ከመኪናው ሥር ገብቶ ተኛ፤ እሱ ሁለተኛውን ጥራዝ ጨርሶ ሦስተኛውን ያዘ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ።

«ገዳዩ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ለመንግሥት ሠራተኛ ይዋሻል?»

«አላውቅም፣ አባቴ ይሙት።»

አሳዝኜው መሰለኝ። «ስታውቂ በሾፌሩ ላኪብኝ» ብሎ እንጨቱን አነሣልን።

አስመራ ጥሩ አገር ናት፤ ምን አዋሻችሁ። ብርዷ ደባርቅን ይመስላል፣ መንገዷ ግን ጫማ ሊልሱበት ይደርሳል። ሰው ሲመሽ ለብሶ ዝም ብሎ ይንሸራሸራል፣ የሚሄድበት ሳይኖረው። ማካሮኒ የሚሉትን ጀመርሁት፤ ሲያላምጡት ጨው የነካው ሊጥ ነው፣ ግን ይለመዳል። ካፑቺኖ አረፋው አፍንጫ ላይ ይቀራል። የእናቴ ሽሮ በሕልሜ ይመጣል። ደግሞ ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ገና ስገባ «ብልዒ፣ ብልዒ» አሉኝ፣ ብዪ ማለታቸው ነው፤ የገባኝ የመጀመሪያው ትግርኛ እሱ ነው።

የአክስቴ ቤት ስለጠበበ አማርኛ ከምትችል ከአንዲት ባልቴት ጣልያን ሴትዮ ክፍል ተከራየሁ። በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን በምርኩዟ መታችው።

«አንቺ ስንት ሰው ነሽ?»

«አንድ፣ ሲኞራ።»

«አንድ አይደለም። ሦስት ሰው ሰማሁ። አንዱ ወንድ ነው።»

ለካ ጮክ ብዬ እያነበብሁ ነው፤ የጸሐፊውን በወፍራም፣ የሚስቱን በቀጭን፣ የፖሊሱን በአፍንጫዬ። «ወንዱ ገዳይ ሳይሆን አይቀርም ሲኞራ» አልኋት። አስረዳታለሁ ብዬ ነው። ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠችና፣ «እንግዲያ ከመጀመሪያው አንብቢ፣ ቀስ ብለሽ፤ የእሱ ኪራይ ግን ለብቻው ነው» አለች። ቀልዷን ይሁን ቁም ነገሯን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስፌት ቤትም አፌን መያዝ አቃተኝ። ከጎኔ የምትሰፋው ለተብርሃን የአስመራ ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ነገር ትወዳለች። ሱሪ እየሰፋን ጥራዝ ጥራዙን ለሴቶቹ ተረክሁላቸው፤ እሷ ለሌሎቹ ትተረጉማለች። አካፋው ዘንድ ስደርስ አቆምሁ።

«እሺ፣ ዞር ሲል?» አለች ለተብርሃን።

«አላውቅም።»

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሰላም የለም። ግማሹ «ሚስቱ ናት»፣ ግማሹ «ራሱ ነው» ብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ምሳ እንኳ ለየብቻ ሆነ። ፓድሮኑ፣ ማለት የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሥራ ማቆም ነው ብሎ ፈራ። በመጨረሻ ለተብርሃን «አዋጥተን ጎንደር ስልክ እናስደውልሽ» አለች። ለአለምነሽ በአያ ካሳ በኩል «ጥራዙን ፈልጊና ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ቤት ቆዪኝ» ብዬ ላክሁባት። ስለ አባዬ ምንም አልላክሁም። የምልከውን ቃል አጥቼ ነው። ማታ ማታ ያ የተዘጋ በር ይመጣብኝ ነበር፤ ሱሪ ስሰፋ እንኳ «ረግመውኝ ይሆን?» እላለሁ።

ቅዳሜ ስፌት ቤቱ በሙሉ ስልክ ቤት ገባ። ሲኞራም ምርኩዟን ይዛ መጣች። ጎንደር ተገኘች ተባለና መቀበያውን ያዝሁ።

«አለም?»

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?»

አባዬ ናቸው። ነጠላዬን አስተካከልሁ፤ ለተብርሃን ከኋላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? አገሩ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ነው? አክስትሽ ደኅና ናት?» እያንዳንዱን እመልሳለሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። የኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ እናቴን፣ አለምነሽን፣ ተማሪዎቹን፣ ላሚቱን ጠየቅሁ። ሴቶቹ «ጠይቂው፣ ጠይቂው» እያሉ ቀሚሴን ይጎትቱኛል። እንዴት ብዬ? ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ ይጀመራል?

ኦፕሬተሯ መሐል ገብታ «ጊዜያችሁ አልቋል» አለች።

«ቆይ አንቺ ልጅ፣ ገና መቼ ተጠያየቅን» አሉ አባዬ ለእሷ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ጸሐፊው ግን ልጄ፣ አካፋውን ከማንሣቱ በፊት ለነፍስ አባቱ ቢናገር ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«አባዬ፣ ጥራዙ እርስዎ ዘንድ ነው?»

«በመሄጃሽ ዋዜማ ላንቺ ሲያመጡት ተቀብዬ ያዝሁት» አሉ። «የምታነቢውን ልይ ብዬ ጀመርሁት። ከዚያማ ሌላውንም ከአለምነሽ አፍ ሰማሁ።»

«በሞቴ ይንገሩኝ፣ ማን ነው?»

«አልነግርሽም። ለፋሲካ ነይና አብረን እናነበዋለን። እጄንም ሳልጭንብሽ ነው የሄድሽው፤ ነይ።»

መስመሩ ተቆረጠ። የእኛ ፋሲካ ከፓድሮኑ ፋሲካ እንደማይገጥም፣ እሱም ፈቃድ በዋዛ እንደማይሰጥ አባዬ የት ያውቃሉ። መቀበያውን እንደያዝሁ ቀረሁ። እንባዬ ይወርዳል፣ ደግሞ እስቃለሁ።

«ማን ነው አሉሽ?» ለተብርሃን ክንዴን ነቀነቀችኝ።

«ነይ አሉኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅንሽ፣ ገዳዩን ነው።»

እኔ ግን ሲኞራም እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ያንኑ «ነይ አሉኝ» ደገምሁላቸው።