የእትዬ ጥሩወርቅ ንቦች

የልጅ ልጄ የምታጠናው ድምፅ አውጥታ ነው። ባለፈው መስከረም ንፋስ መውጫ እኔ ዘንድ መጥታ ሰነበተች። አንድ ረፋድ እኔ የባቄላ እሸት ስፈለፍል፣ እሷ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ስለ ነፍሳት ታነብ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ይስሙ» አለችኝ። «የነፍሳት ደም ቀይ ባይሆንም ባዶ አይደለም። በውስጡ ያሉ ፕሮቲኖች ጀርም ሲገባ ይለዩታል። አንዳንዶቹ ይጣበቁበታል፤ አንዳንዶቹ ሽፋኑን ይበሱታል። የንብ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። እንቁላል በምትጥለው በአውራዋ ንብ ደም ያለ አንድ ፕሮቲን የጀርሙን ስብርባሪ ተሸክሞ እንቁላሏ ውስጥ ያገባዋል። ልጆቿ ገና ሳይፈለፈሉ በሽታውን ለመመከት ይዘጋጃሉ።»

«ድገሚው» አልኋት። ደገመችው።

ያደግሁት በእስቴ ገጠር ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተማርሁት መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ቤት ተከራይቼ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ በእግሬ ወደ ቤት እመጣለሁ። የከብት መድኃኒት ላይ የተጻፈውን ለጎረቤት የማነበው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው የማላውቀውንም ይጠይቀኝ ጀመር። አባቴ «ምስር መልቀም አታውቅም እንጂ ሌላውን ሁሉ ታውቃለች፤ ጠይቋት» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ደስ እንደሚለው ግን ያስታውቅበታል።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ከጣሪያቸው ክፈፍ ሥር አንድ የንብ ቀፎ ነበራቸው። ኅዳር ላይ የሚቆርጡትን ማር ገበያ አውጥተው ዘር ገብስ ይገዙበታል። «የሚያርሱልኝ ንቦቼ ናቸው» ይሉ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠሩኝ። አደዩ ገና አልረገፈም። ከቀፎው ደጃፍ ሥር እንደ ኖራ የደረቁ እጮች ወድቀዋል፤ ንቦቹ እየጎተቱ ያወጧቸዋል።

«እስኪ እዪልኝ ልጄ። ምን ሆኑብኝ?»

«ታመዋል።»

«እሱንማ እኔም አየሁት። ይድናሉ ወይ?»

መምህራችን የነፍሳት ደም እንደ እኛ ቀይ አይደለም ብለውን ነበር። ከዚያ ያለፈ አላሉም። የተረፈውን ከራሴ ጨመርሁ።

«አይድኑም። ደም የላቸውም፤ በሽታ የሚመክቱበት ነገር የለም። ማቃጠል ነው።»

«አውራዋንም?»

«እሷንም።»

«ማሩ እስኪደርስ እንኳ ባቆያቸውስ?»

«በሽታው ተዛምቶ የሰው ንብ ሲያልቅ እርስዎ ነዎት የሚጠየቁት» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንቦቹ ገብተው ሲያልቁ፣ የቀፎውን አፍ በእበት መረጉት። አባቴ አወረደላቸውና ጭድ ደርበው አቃጠሉት። የሚነድ ማር ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ሰፈሩን ሞላው። እትዬ ጥሩወርቅ እሳቱ እስኪከስም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ በማግሥቱ በሶዬን ይዤ ሄድሁ።

ሰኔ ሲገባ ዘር አልነበራቸውም። መሬታቸውን ሌላ ሰው የእኩል እንዲያርሰው ሰጡት።

ከወንዙ ማዶ የአንድ ቄስ ንቦችም በዚያው ሰሞን ታመው እንደ ነበር፣ እሳቸው ግን እንዳላቃጠሉ ሰማሁ። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በደጃቸው ነበር የሚያልፈው። ከዚያ ወዲያ በላይኛው ዳገት እዞር ጀመር፤ ንቦቹ ድነው ከሆነ ድምፃቸውን እንዳልሰማ። ጭቃ በሆነ ጊዜ እንኳ ዞርሁ።

የወቀሰኝ ሰው የለም። እትዬ ጥሩወርቅም እስኪሞቱ ድረስ «የአገሩን ንብ ያተረፈችው ይቺ ናት» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩኝ ነበር። አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አልነገርኋትም። እሸቱን ወደ ጎን አድርጌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት።

«የታመመ ቀፎ ቢተውት ይድናል?»

«ሊድን ይችላል፤ ሁሉም ግን አይድንም። አንዳንዱ ያልቃል። በምን በሽታ እንደ ታመመ ሳያውቁ ምን ይባላል፣ እማማ? እኔ አላውቅም።»

የጠየቅኋት «አይድንም» እንድትለኝ ፈልጌ እንደ ነበር ያኔ ገባኝ። እሷም ፊቴን አይታ የፈለግሁትን ሳታውቅ አልቀረችም። ቢሆንም አላለችልኝም።